ከግሡ ቀጥሎ ምን ይመጣል? የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በአንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት ዓይን

«ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ ዲክሽነሪ» በመምህር ደሞዝ ሲለካ ውድ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ለልጁ፣ ለእህቱ ወይም ለራሱ ሊገዛ ያሰበ ሰው ብሩን ከማውጣቱ በፊት ምን እንደሚገዛ እንዲያውቅ እፈልጋለሁ። የምትፈልጉት የቃል ፍቺ ብቻ ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ለዚያ ስልካችሁ ይበቃል። አምሳሉ አክሊሉና ሞስባክ አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ ላይ የታተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላትም አለላችሁ፤ እኔ ዛሬም ለፍቺ የማምነው እሱን ነው። የኦክስፎርዱ ዋጋ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከፍቺው ጎን በደማቁ የምትጻፍ አንዲት አጭር መስመር አለች፤ አብዛኛው ተማሪ ዓይኑን ሳያሳርፍባት ያልፋታል። እኔ ገንዘቤን የከፈልኩት ለእሷ ነው።

መስመሯን በምሳሌ ላሳያችሁ። «ሪፊዩዝ» የሚለውን ግሥ ግለጡ፤ እምቢ አለ ማለት ነው። የታተመው መጽሐፍ ላይ ግሡ ድጋሚ መጻፍ ሲገባው በእሱ ፋንታ የሞገድ ቅርጽ ያላት ምልክት ትገባለች፤ ከሞገዷ ቀጥሎ «ቱ ዱ» የሚል አለ። ይህ ማለት «ሪፊዩዝ» ከተባለ በኋላ «ቱ» ይመጣል፣ ከ«ቱ» በኋላ ደግሞ ምንም ያልተጨመረበት ግሥ ይመጣል ማለት ነው። አሁን «ሉክ» ወደሚለው ሂዱ። መመልከት የሚለውን ፍቺ አልፋችሁ «መስሎ ታየ» ወደሚለው ስትደርሱ «ሊንኪንግ ቨርብ» (ባለቤቱን ከቅጽሉ ጋር የሚያያይዝ ግሥ) የሚል ስያሜ፣ ቀጥሎም የመደመር ምልክትና በአጭሩ የተጻፈ «አድጀክቲቭ» ታገኛላችሁ። ቅጽል ይከተላል፣ ተውሳከ ግሥ አይከተልም እያለ ነው። ከዚያ በታች ይህንኑ በሥራ ላይ የሚያሳዩ ዓረፍተ ነገሮች ይደረደራሉ።

ትንሽ ነገር ትመስላለች። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ድርሰት አርሞ የሚያውቅ ሰው ግን የቀይ እስክሪብቶ ቀለም የሚያልቀው የት ላይ እንደሆነ ያውቃል። «ሂ ዲሳይድድ ቱ ዌንት ቱ ጎንደር»፣ «ማይ ማዘር ሲምድ ሃፒሊ»፣ «ማይ ብራዘር ሰጀስትድ ሚ ቱ ስተዲ»፤ እነዚህ ከየክፍሉ፣ ከየዓመቱ ይመጣሉ። የቃላቱን ትርጉም ልጆቹ ያውቁታል። ያላወቁት ከቃሉ በኋላ ምን እንደሚፈቀድ ነው።

ይህ የሆነበት ምክንያት ስንፍና አይደለም፤ አማርኛችን ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ነው። «ልጁ ወደ ጎንደር ለመሄድ ወሰነ» ስንል «ወሰነ» ዓረፍተ ነገሩን ይዘጋል፤ ከእሱ ወዲያ አራት ነጥብ ነው። እንግሊዝኛ ግን ግሡን መሐል ላይ ተክሎ ቀሪውን ከኋላው ያስከትላል፤ ምን እንደሚያስከትል የሚመርጠው ደግሞ ራሱ ግሡ ነው። «ከግሡ በኋላ ምን ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ በአማርኛ ላደገ ልጅ ከነጭራሹ ትዝ የሚለው አይደለም።

መዝገበ ቃላቱ ይህን ጥያቄ ማዕከል ማድረጉ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ጀማሪው አልበርት ሲድኒ ሆርንቢ እ.ኤ.አ. በ1924 ጃፓን ወርዶ ኦይታ የምትባል ከተማ ውስጥ ማስተማር የጀመረ እንግሊዛዊ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሊያስተምር ሄዶ የተማሪዎቹ ችግር ቋንቋው ራሱ መሆኑን አየ። የጃፓንኛ ግሥ ደግሞ እንደ እኛው ዓረፍተ ነገር የሚዘጋ ነው። ሆርንቢ ከጌተንቢና ከዌክፊልድ ጋር ያዘጋጀው መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ላይ ታተመ፤ በ1948 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ እንደገና አወጣው። እያንዳንዱ ግሥ በምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደሚገባ በ25 ዓይነት ከፍሎ አስቀምጦት ነበር። ዛሬ አሥረኛው እትም ላይ ደርሰናል፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ለእንግሊዞች የተጻፈ መዝገበ ቃላት ይህን አያደርግም፤ እነሱ «ሪፊዩዝድ» ካሉ በኋላ «ቱ» ማለትን ከእናታቸው ጋር ተምረውታል። ይህኛው ከመነሻው እንደ እኛ ላለ ሰው ተብሎ የተሠራ ነው።

ወደ ክፍሌ ልመልሳችሁ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ድርሰቷ ላይ «ዌንት»ን ሰርዤ «ጎ» ብጽፍባት ደብተሯን ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ የሄደው እኮ አምና ነው። ታዲያ ለምንድን ነው ‹ዌንት› የማይባለው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ነገሩ ካለፈ ግሡ ሁሉ ያለፈ መሆን አለበት ብላ አስባ ነው። መዝገበ ቃላቱን ገልጬ «ዲሳይድ» የሚለው ላይ ሞገዷን በጣቴ አሳየኋት። «የምትቀየረው ይህች ብቻ ናት። ሞገዷን አንሺና ‹ዲሳይድድ› አድርጊ። ‹ቱ ዱ› የሚለውን ግን አትንኪው፤ መጽሐፉም አልነካውም» አልኳት። ከዚያ አማርኛውን እንድታስብ ጠየቅኳት። «ለመሄድ ወሰነ» እንላለን፤ «ለሄደ ወሰነ» የሚል ሰው የለም። ያለፈ መሆኑን «ወሰነ» ተሸክሞታል፤ «ለመሄድ» ጊዜ አይቆጥርም። «ቱ ጎ»ም እንደዚያው ነው። ዛሬ ቢሆን፣ አምና ቢሆን፣ ከርሞ ቢሆን «ቱ ጎ» ያው «ቱ ጎ» ነው።

ልጅቷ ወዲያው «ዋንትድ ቱ ዌንት» የሚለውንም ራሷ አረመችው። «ሆፕድ»፣ «ፕሮሚስድ»፣ «አግሪድ»፣ «ማኔጅድ»፣ «ፌይልድ»፣ «ፎርጋት» ሁሉም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ሕጉ አንዴ ከገባ መቶ ግሥ ያርማል። የትኛው ግሥ በዚህ ሕግ እንደሚገዛ ለማወቅ ግን እያንዳንዱን መግለጥ ግድ ይላል። «ኢንጆይ»ን የገለጠ ሰው «ቱ» የሚል አያገኝም፤ የሚያገኘው መጨረሻው «አይኤንጂ» የሆነውን ነው። ስለዚህ «ኢንጆይድ ስዊሚንግ» እንጂ «ኢንጆይድ ቱ ስዊም» አይባልም።

ሁለቱንም የሚቀበሉ ግሦችም አሉ፤ ከመዝገበ ቃላቱ ጋር ጥሩ ጊዜ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። «ሂ ስቶፕድ ቱ ድሪንክ ዋተር» ሲባል ሰውዬው ውኃ ሊጠጣ ቆሟል። «ሂ ስቶፕድ ድሪንኪንግ» ሲባል መጠጥ አቁሟል። «ሺ ሪሜምበርድ ቱ ሎክ ዘ ዶር» በሩን ሳትረሳ ቆልፋለች፤ «ሺ ሪሜምበርድ ሎኪንግ ዘ ዶር» ደግሞ መቆለፏ ትዝ ብሏታል። ሁለቱ አሠራሮች ለየብቻቸው፣ ከየምሳሌያቸው ጋር ተቀምጠዋል። አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ከዚህ ገጽ ሳልነሳ አስተምሬ አውቃለሁ።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ግን ቅጽል የሚያስከትሉትን ግሦች የያዘበትን መንገድ ነው። አማርኛ እዚህ ጋ በአንድ ግሥ ይጨርሳል። ወተቱ ተበላሸ፤ ጸጉሩ ሸበተ፤ ነጋዴው ከሰረ፤ ፊቷ ገረጣ፤ ሰማዩ ጠቆረ፤ ልጁ ታመመ፤ ሕዝቡ ዝም አለ። ተማሪዎቼ ለእያንዳንዱ አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ ይፈልጉና ሲያጡ ሁሉንም በ«ቢኬም» ይሞሉታል። እንግሊዞች ግን ለእነዚህ ሁሉ ግሥና ቅጽል ያጣምራሉ፤ ግሡም እንደ ነገሩ ዓይነት ይለዋወጣል። ወተቱ «ዌንት ባድ» ነው፤ ጸጉሩ «ዌንት ግሬይ»፤ ነጋዴው «ዌንት ባንክረፕት»፤ ዓይኑ የጠፋው ሰው «ዌንት ብላይንድ»። ፊቷ «ተርንድ ፔል»፤ ቅጠሉ «ተርንድ ሬድ»። ልጁ «ፌል ኢል»፤ አዳራሹ «ፌል ሳይለንት»፤ ሕፃኑ «ፌል አስሊፕ»። ሰማዩ «ግሩ ዳርክ»፤ እያደር፣ ቀስ እያለ ሲሆን። ሕልሟ «ኬም ትሩ»።

«ዌንት» ማለት ሄደ ነው ብሎ የሸመደደ ተማሪ «ዘ ሚልክ ዌንት ባድ» ሲያይ ግራ ይጋባል። «ጎ» የሚለውን ቃል እስከ ታች የሚያነብ ተማሪ ግን ከብዙዎቹ ፍቺዎች መካከል «ሊንኪንግ ቨርብ» የሚለውን ያገኛል። በአብዛኛው ወደ መጥፎ መለወጥን እንደሚያሳይ፣ ምን ምን ቅጽል እንደሚከተለውም ያያል። «ፎል»ን እስከ ታች ያነበበም እንዲሁ። መዝገበ ቃላት ሲገለጥ የመጀመሪያውን ፍቺ አይቶ መዝጋት በእኛ አገር የተለመደ ነው። እነዚህ ሀብቶች ግን ከመጀመሪያው ፍቺ ርቀው ታች ነው የተቀመጡት። ተማሪዎቼን አጥብቄ የምለምናቸው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

«ሃፒሊ»ን የመሰለ ስሕተትም የሚቃናው በዚሁ ነው። «ሺ ጃምፕድ ሃፒሊ» ትክክል ነው፤ በደስታ ዘለለች። «ሺ ሲምድ ሃፒ» ደግሞ ደስተኛ መሰለች ነው። መጀመሪያው ላይ ስለ አዘላለሏ ነው የምናወራው፤ ሁለተኛው ላይ ስለ ራሷ። «ዘ ወጥ ስሜልድ ጉድ» የምንለውም ስለ ወጡ ስለምናወራ ነው፤ ወጡ ራሱ አላሸተተም። «ሲም» ላይ ሦስት አማራጮች በአንድ ላይ ታገኛላችሁ፦ ቅጽል ብቻ፣ «ቱ ቢ» እና ቅጽል፣ ወይም «ቱ» እና ሌላ ግሥ። «ሂ ሲምድ ታየርድ»፣ «ሂ ሲምድ ቱ ቢ ታየርድ»፣ «ሂ ሲምድ ቱ ኖው ኤቭሪቲንግ»። ሦስተኛው ላይ «ቱ»ን ጥሎ ማለፍ አይቻልም።

አማርኛችን ጨርሶ የማያግዘን ቦታ ደግሞ አለ። «እንድሄድ ነገረችኝ»፣ «እንድሄድ ፈለገች»፣ «እንድሄድ አደረገችኝ»፣ «እንድሄድ ሐሳብ አቀረበችልኝ»፤ ለእኛ አራቱም በ«እንድ» ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ተማሪው አራቱንም በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት አድርጎ ይጽፋቸዋል። «ሺ ቶልድ ሚ ቱ ጎ» ልክ ነው። «ሺ ዋንትድ ሚ ቱ ጎ»ም ልክ ነው። «ሜድ» ላይ ግን «ቱ» ይወድቃል፤ «ሺ ሜድ ሚ ጎ» ነው የሚባለው። «ሰጀስትድ» ደግሞ «ሚ ቱ ጎ»ን ከነጭራሹ አይቀበልም፤ «ሺ ሰጀስትድ ዛት አይ ጎ» ብሎ ሌላ በር ይከፍታል። ይህን በማሰብ ማግኘት አይቻልም፤ ጎበዝ ተማሪ መሆንም አያድንም። ተጽፎ ካልታየ አይታወቅም፤ ተጽፎ የሚታየው ደግሞ እዚያች ደማቅ መስመር ላይ ነው። የሥራ ማመልከቻና የትምህርት ዕድል ደብዳቤ ለሚጽፉ ሰዎች «ሰጀስት»፣ «ሪኮመንድ»፣ «ኤክስፕሌይን» የሚሉትን ሦስቱን ብቻ ገልጠው እንዲያነቡ እመክራለሁ። ደብዳቤው ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

አሁን ወደማይመቸው ልምጣ። መጽሐፉ በፊደል ተራ እንጂ በአሠራር ዓይነት የተደረደረ አይደለም። «ቅጽል የሚያስከትሉ ግሦችን ሁሉ በአንድ ላይ አሳየኝ» ብትሉት ማድረግ አይችልም፤ መዝገበ ቃላት ነውና። ያንን ማሰባሰብ የተማሪው ሥራ ነው። የእኔ ተማሪዎች ደብተራቸውን ከጀርባው ገልብጠው ገጹን በሦስት ይከፍሉታል፤ «ቱ» የሚያስከትል፣ ቅጽል የሚያስከትል፣ ሰው መሐል የሚያስገባ። አዲስ ግሥ ባገኙ ቁጥር በኃላፊ ጊዜ ከነተከታዩ ይጽፉታል። «ሪፊዩዝድ» ብሎ ብቻውን መጻፍ አይፈቀድም፤ «ሪፊዩዝድ ቱ ፔይ» ይባላል።

ምልክቱ የማይነግራችሁ ነገርም አለ። «ጆን ዋዝ ኢገር ቱ ፕሊዝ» እና «ጆን ዋዝ ኢዚ ቱ ፕሊዝ» ከላይ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቅጽል፣ ቀጥሎ «ቱ»፣ ቀጥሎ ግሥ። በመጀመሪያው ጆን ሌላውን ሰው ለማስደሰት ይጓጓል፤ በሁለተኛው ግን ጆንን ማስደሰት ለሌላው ሰው ቀላል ነው። የቋንቋ ሊቁ ኖም ቾምስኪ ይህን ጥንድ እንደ ምሳሌ ስለተጠቀመበት በሥነ ልሳን ትምህርት የታወቀ ነው። ለዚህ የምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ ማንበብ እንጂ ምልክቱን ማየት አይበቃም። ሌላው ደግሞ ማብራሪያው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ፍቺዎቹ በተመረጡና በቀላል ቃላት ስለተጻፉ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ቢታገል ይወጣዋል። ከዚያ በታች ላለ ልጅ ግን አልመክርም፤ ተስፋ ያስቆርጠዋል። ለእሱ የአምሳሉ ይሻላል።

ድረ ገጹስ? በነፃ ይከፈታል፤ የእንግሊዝና የአሜሪካ አነጋገር በድምፅ ያሰማል፤ ሞገዷም የለችም፣ አሠራሩን በሙሉ ቃል ነው የሚጽፈው። ኢንተርኔት ያለው ሰው መጽሐፉን ባይገዛ አልፈርድበትም። እኔ ግን ክፍል ውስጥ ወረቀቱን እመርጣለሁ። ስልክ የያዘ ተማሪ የፈለገውን ቃል ብቻ አይቶ ይወጣል። መጽሐፉን የገለጠ ተማሪ «ሪፊዩዝ»ን ሲፈልግ ዓይኑ እግረ መንገዱን ሌሎች ግሦች ላይ ያርፋል።

አሮጌ እትም ስለመግዛትም ይጠይቁኛል። የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለው የድሮ እትም አሠራሮቹን በፊደልና በቁጥር ነው የሚጠቁመው፤ «ቪ ፒ» ይልና ቁጥር ያስከትላል፤ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ወደ ማብራሪያው ሠንጠረዥ መሄድ ነው። ሥራው የረቀቀ ነው፤ መምህር ቢያጠናው ይጠቀማል። ለተማሪ ግን በሙሉ ቃል ወደሚጽፉት ዘጠነኛውና አሥረኛው እትም ሂዱ። በሁለቱ መካከል ለዚህ ጉዳይ ብላችሁ ተጨማሪ ገንዘብ የምታወጡበት ልዩነት አላየሁም። ዘጠነኛው በደህና ዋጋ ከተገኘ ይበቃል።

ዋናው መጠንቀቅ ያለባችሁ ከቅጂ ነው። ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ መንገድ ላይ ከሚሸጡት መካከል ደህናም አለ፣ ፎቶ ኮፒም አለ። ለእህቴ ልጅ ከአንድ ሻጭ የገዛሁት ሽፋኑ ያማረ ነበር፤ ውስጡ ግን ደማቁና ተራው ጽሑፍ እኩል ገርጥቷል፣ ሞገዷ ጠፍታለች፣ የመደመር ምልክቱ ነጥብ ሆኗል። ፍቺው ይነበባል፤ ለእኔ ግን መጽሐፉን መጽሐፍ ያደረገው ነገር የለም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን «አንዴ ልየው» በሉትና «ሲም» የሚለውን ቃል ፈልጉ። «ሊንኪንግ ቨርብ» የሚለው ከጎኑ ካለው ጽሑፍ ተለይቶ ይታያል? ከመደመር ምልክቱ ቀጥሎ ያለው ይነበባል? «ቱ ዱ» በደማቁ ነው? ሦስቱም ካሉ ዋጋውን ተነጋገሩ፤ ካልታዩ መልሱለትና ወደሚቀጥለው ሻጭ ሂዱ።